የጭራ አጥንትና የወገብ ጉዳት ኮድ፦ ሰባተኛው ቦታ ላይ የትኛው ፊደል ይግባ?

ሮማን_ቢሊንግ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የአጥንት ክሊኒክ ክሌም (ለመድን ድርጅት የሚላክ የክፍያ ጥያቄ) የምትሠሩ ካላችሁ እርዱኝ። ታካሚዋ ደረጃ ላይ አዳልጧት በመቀመጫዋ ወድቃለች። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሐኪሙ የጻፈው «የኮክሲክስ ሕመም፣ ስብራት ይጠረጠራል» ብሎ ነው፤ ኮክሲክስ የጭራ አጥንት ነው። በሁለተኛው ራጁን አይቶ ስብራት መሆኑን አረጋገጠ፤ መሃሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ ትራስና ማስታገሻ አዘዘ። ሦስተኛው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ሕመሙ አልለቀቃትም። በICD-10-CM (አሜሪካ የምትሠራበት የበሽታና የጉዳት ኮድ) ሰባተኛው ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ኤ፣ ቀጥሎ ያሉትን ዲ ብዬ ልላከው? ወገቧንም ያማታል ስለተባለ የወገብ ሕመም ኮዱን ኤም54.5 ጨምሬ ነበር፤ ሲስተሙ አይቀበለውም።

ኮደር_አዳነ
ሮማን፣ ፊደሉን በቀጠሮ ቁጥር አትቁጠሪው። ኤ ማለት ታካሚዋ ገና በንቁ ሕክምና ላይ ናት ማለት ነው፤ ሐኪሙ አዲስ ሆነም የቆየ፣ ቀጠሮው ሁለተኛ ሆነም ሦስተኛ ለውጥ የለውም። ዲ የሚመጣው ያ ሕክምና አልቆ አጥንቱ እየጠገነ ለክትትል ስትመጣ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፦ በተመላላሽ ሕክምና «ይጠረጠራል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይጣራ» የተባለ ነገር ኮድ አይሰጠውም። የተረጋገጠው ሕመሙ ብቻ ስለሆነ ኤም53.3 ነው፤ የኮክሲክስ ሕመም እዚያ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ በግልጽ ኮንቱዥን (ምት) ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ኤስ30.0 ይሆን ነበር፤ የታችኛው ጀርባ፣ የዳሌና የመቀመጫ ምት ሁሉ በሱ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ሲወጣ ደንቡ ሌላ ስለሆነ የዚያን ልማድ ወደ ክሊኒክ አታምጪው።

ሁለተኛው ቀን፦ የኮክሲክስ ስብራት ኮድ ኤስ32.2፣ ሰባተኛው ላይ ኤ። ስብራቱ የታወቀውም ሕክምናው የተጀመረውም ያን ቀን ነው። ኤስ32.2 አራት ቦታ ብቻ ስለሚይዝ አምስተኛውንና ስድስተኛውን በኤክስ ሙዪ፤ ፊደሉ ሰባተኛ ቦታ ላይ ካልተቀመጠ ኮዱ ዋጋ የለውም። ክፍት ይሁን ዝግ ካልተጻፈ ዝግ ተብሎ ይያዛል። ቢ ለክፍት ስብራት ነው።

ሦስተኛው ቀን ቻርቱን (የታካሚዋን መዝገብ) ማየት ይጠይቃል። በደንብ እየጠገነ ከሆነ ዲ፣ ዘግይቷል ከተባለ ጂ፣ አልገጠመም ከተባለ ኬ። ስብራቱ ድኖ ሕመሙ ብቻ ከቀረ ሁለት ኮድ ነው፦ አስቀድሞ ኤም53.3፣ ቀጥሎ ኤስ32.2 በኤስ ፊደል (ያለፈ ጉዳት ትቶት የሄደ ችግር ማለት ነው)። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ይመለሳል። ለአደጋ ጉዳት ክትትል ደግሞ ከዜድ የሚጀምሩትን የድህረ ሕክምና ኮዶች አትጠቀሚ፤ ዲ ራሱ ያንን ይናገራል።

ጤና_መዝገብ
የወገቡን እኔ ልጨምር። ኤም54.5 ብቻውን ከጥቅምት 1 ቀን 2021 (በአሜሪካ አቆጣጠር) ጀምሮ አይሠራም። ለሦስት ተከፍሏል፦ ኤም54.50 ዝርዝር ላልተገለጸ፣ ኤም54.51 ከአከርካሪው አጥንት ለሚነሳ፣ ኤም54.59 ለሌላው።

ግን እህቴ፣ ሴትዮዋ ወድቃ ነው የመጣችው። ሐኪሙ «የታችኛው ጀርባ ጡንቻ ስትሬን» (የጡንቻ መሳሳብ ጉዳት) ካለ ኮዱ ኤስ39.012 ነው፤ ስድስት ቦታ ስለሞላ ኤክስ አያስፈልገውም፣ ኤ፣ ዲ ወይም ኤስ ብቻ ይከተለዋል። ኤም54.5 ሥር ደግሞ ኤስ39.012 በኤክስክሉድ አንድ (አብረው አይገቡም በሚለው ማስታወሻ) ተዘርዝሯል፤ ለአንድ ወገብ ሁለቱን ባንድ ክሌም አታስገቢ። የጅማት ወለምታ ከሆነ ኤስ33.5 ነው፣ እሱ ሁለት ኤክስ ይፈልጋል። ጡንቻውም ጅማቱም ተጎድተው ከተጻፈ ኤስ33.5 እና ኤስ39.012 አብረው ይሄዳሉ፤ እነሱ የተያያዙት በኤክስክሉድ ሁለት (ሁለቱም ካሉ አብረው መግባት ይችላሉ በሚለው ማስታወሻ) ነው። የሳክሮኢሊያክ መገጣጠሚያ (ሳክረም፣ ማለትም ከኮክሲክስ በላይ ያለው አጥንት፣ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበት) ወለምታ ኤስ33.6፣ የሳክረምና የኮክሲክስ መገጣጠሚያ ውልቃት ኤስ33.2።

የነርቭ ጉዳት ከተጻፈ የነርቭ ጉዳት ኮዱ ኤስ34 ከስብራቱ ይቀድማል። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት፤ ነርቭ የተነካበት ስብራት ክብደቱ ሌላ ነው።

በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ደግሞ ኦስቲዮፖሮሲስ (የአጥንት መሳሳት) አለ ወይ ብላችሁ ቻርቱን ፈትሹ። ኦስቲዮፖሮሲስ የታወቀበት ሰው ጤነኛ አጥንት በማይሰብር ቀላል አወዳደቅ የአከርካሪ አጥንቱ ከተሰበረ ከኤስ32 ሳይሆን ከኤም80 ነው የሚወሰደው፤ ከዕድሜ ጋር ለመጣው ኤም80.08 ነው። በወሊድ ጊዜ የተጎዳ ኮክሲክስም ኤስ32.2 አይደለም፣ ኦ71.6 ነው።

ሮማን_ቢሊንግ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአወዳደቁን ኮድ የት ላድርገው? የሦስተኛው ቀን ቻርት ደግሞ «ሕመሙ ቀጥሏል» ብቻ ነው የሚለው፤ ዳነ አልዳነ አይልም።

ኮደር_አዳነ
አወዳደቁ ሁሌም ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ዋና ምርመራ ሆኖ አይገባም። ያልተለየ ደረጃ ደብልዩ10.9፣ ሁለት ኤክስ፣ ከዚያ ከጉዳቱ ጋር የሚጣጣም ፊደል (ኤ፣ ዲ ወይም ኤስ ብቻ)፤ ጉዳቱ ኤስ ከያዘ እሱም ኤስ ይይዛል። ቦታውን የሚናገረው ዋይ92፣ ምን እየሠራች እንደነበር የሚናገረው ዋይ93፣ ሁኔታዋን የሚናገረው ዋይ99 አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ሕክምና ላይ ይገባሉ። በሥራ ላይ ከወደቀች ዋይ99.0 ነው፤ ያኔ ከፋዩ የሥራ ጉዳት መድን ሊሆን ስለሚችል ክሌሙን ከመላክሽ በፊት አጣሪ።

የሦስተኛውን ቀን ራስሽ አትገምቺ፣ ለሐኪሙ በጽሑፍ ጠይቂ። አነጋገርሽ ግን መልሱን የሚመራ አይሁን። «አልገጠመም ብለው ይጻፉልኝ» አይባልም። እንዲህ ብትዪው ይበቃል፦ «የኮክሲክስ ስብራቱ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ይግለጹልን፦ በመደበኛ ሁኔታ እየጠገነ፣ መጠገኑ የዘገየ፣ ያልገጠመ፣ ድኖ ሕመም የተወ፣ ሌላ፣ ለመወሰን የማይቻል።» መልሱ ቻርቱ ላይ ከሰፈረ በኋላ ኮዱን ዝጊ።

ጤና_መዝገብ
አንድ ነገር ቀረ፣ ራጁ። የሳክረምና ኮክሲክስ ራጅ የሕክምና ሥራ (CPT) ኮዱ 72220 ነው፣ ቢያንስ ሁለት ቪው (ከተለያየ አቅጣጫ የተነሳ ምስል)። የወገቡ 72100 ነው፣ ሁለት ወይም ሦስት ቪው። ሁለቱም ከተነሱ 72220ን ከኮክሲክሱ ኮድ ጋር፣ 72100ን ከወገቡ ኮድ ጋር አያይዢ። ሁለቱንም ከኮክሲክሱ ጋር ብታያይዣቸው የወገቡ ራጅ ምክንያት የሌለው ይመስልና ሊመለስብሽ ይችላል።