ፍሬዛችን ቆሟል፤ ባለ 4 ወይስ ባለ 5 አክሲስ ሲ.ኤን.ሲ. እንግዛ?

ጠባሴ ወርክሾፕ፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ አስቸኳይ ምክር እሻለሁ። ደብረ ብርሃን ባለው ወርክሾፓችን የሚሠራው ብቸኛ ዩኒቨርሳል ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ፣ ጠረጴዛው የሚዞር ማሽን) ትናንት ከሰዓት በኋላ በሥራ ላይ እንዳለ የማርሽ ሣጥኑ ተሰብሮ ቆሟል፤ የአንድ ደንበኛ ስድስት ማርሽም ጥርሳቸው ሳይወጣ ጠረጴዛ ላይ ቀርተዋል። የወርክሾፑ ባለቤት አጎቴ ናቸው፤ አሮጌውን ከመጠገን ይልቅ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሲ.ኤን.ሲ. ማሽን እንድንገዛ ወስነዋል። አንድ ደላላ ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች አቅርቦልናል። አንደኛው ባለ 3 አክሲስ (የእንቅስቃሴ አቅጣጫ) ሆኖ አራተኛ የሚሽከረከር ጠረጴዛ የተጨመረበት ነው፤ ሁለተኛው የጃፓን ሥሪት ባለ 5 አክሲስ ነው። የዋጋ ልዩነታቸው በጣም ትንሽ ሲሆን፣ ቀብዱን እስከ ዓርብ ካልከፈልን ለሌላ ሰው እንደሚሸጠው ነግሮናል። የትኛውን እንምረጥ?

የሙያ መምህር፦
ከምርጫው በፊት የአክሲስ ትርጉም በሚገባ መታወቅ አለበት። ኤክስ፣ ዋይና ዜድ ቀጥታ የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ፣ ኤ፣ ቢና ሲ ደግሞ በእነዚሁ ሦስቱ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ባለ 5 አክሲስ የሚባለውም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሁለቱን መሽከርከሪያዎች በተፈለገው ማዕዘን ካቆመ በኋላ እንደ ተራ ባለ 3 አክሲስ የሚቆርጥ ሲሆን፣ ሌላው አምስቱንም በአንድ ጊዜ እያንቀሳቀሰ የሚቆርጥ ነው። ለተርባይን ምላጭና ለውስብስብ ሞልድ ሁለተኛው ያስፈልጋል፤ ለአብዛኛው የመለዋወጫ ሥራ ግን የመጀመሪያው ይበቃል። ተማሪዎቼ ይህን ልዩነት ሳይለዩ ስለሚመረቁ ደጋግሜ እናገራለሁ። በተጨማሪም ለማሽኑ የሚስማማ የካም ሶፍትዌር (ከሥዕሉ የመቁረጫውን መንገድ የሚያሰላ) እና ፖስት ፕሮሰሰር (ያንን መንገድ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉም) ከሌላችሁ፣ አምስተኛው አክሲስ ቆሞ የሚታይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሸዋ ሮቢት ቶርኖ፦
ወንድሜ፣ የማርሽ ሣጥኑን ክፈቱና የተሰበረውን ማርሽ አውጡ። እሱን ሌላ ወርክሾፕ አስቆርጣችሁ መመለስ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ሲ.ኤን.ሲ. ግን ቢገዛ እንኳ ተጓጉዞና ተተክሎ ሥራ እስኪጀምር ደንበኛችሁ አይጠብቃችሁም።

ጥርስ ቆጣሪ፦
እኔ ጥያቄውን ራሱን አልቀበለውም። ሥራችሁ ማርሽ ከሆነ ምርጫው በ4 እና በ5 አክሲስ መካከል መሆን የለበትም፤ ማርሽ በብዛት የሚሠራ ሰው የሚገዛው ሆቢንግ ማሽን፣ ማለትም የማርሽ ጥርስ ለመቁረጥ የተሠራ ማሽን ነው። ለመሆኑ ማርሾቹ ቀጥ ያለ ጥርስ ያላቸው ናቸው ወይስ ሄሊካል (ጥርሳቸው ያዘነበለ)? ሞጁላቸው (የጥርሱ መጠን መለኪያ) እና የጥርሳቸው ብዛትስ ስንት ነው? ይህ ሳይነገር የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ጠባሴ ወርክሾፕ፦
ይቅርታ፣ ግልጽ ነው ብዬ ነው የዘለልኩት። ሄሊካል ናቸው፤ ሞጁል 4፣ 30 ጥርስ፣ የጥርሱ ዘንበል 20 ዲግሪ። በወር ከዐሥር የማይበልጡ ማርሾች እንሠራለን፤ የቀረው ሥራችን የቁልፍ መንገድ (ማርሽን ከዘንግ ጋር የሚይዘው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ) እና የተለያየ መለዋወጫ ነው።

ጥርስ ቆጣሪ፦
ለዐሥር ማርሽ ሆቢንግ ማሽን አያዋጣም፤ ቃሌን አንሥቻለሁ። ነገር ግን ባለ 4 አክሲሱ በቀጥታ ይተካዋል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በዩኒቨርሳሉ ፍሬዛ ጠረጴዛውን 20 ዲግሪ ታዞሩና ዲቫይዲንግ ሄዱን (ሥራውን በእኩል ክፍል የሚያዞረውን መሣሪያ) ከጠረጴዛው ብሎን ጋር በማርሽ ታያይዙታላችሁ፤ በቆመ ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያሽከረክር ዘንግ) ላይ ያለ ባለ 4 አክሲስ ማሽን ግን ሥራውን ቢያሽከረክርም ክብ ከተሩን (መቁረጫውን) ወደ ጥርሱ አቅጣጫ ማዘንበል ስለማይችል፣ ማዕዘን ያለው ሄድ (የከተሩን አቅጣጫ የሚያዞር መያዣ) ተጨማሪ ያስፈልገዋል። ፍሬዛውን ብትጠግኑ ሞጁሉ ጥርሱን በ90 ዲግሪ አቋርጦ (ኖርማል) የተለካ ከሆነ ስሌቱ ይህ ነው፦ ፒች ዲያሜትሩ (ጥርሶቹ የሚገናኙበት ክብ ስፋት) 127.7 ሚሊ ሜትር፣ ሊዱ (ጥርሱ አንድ ሙሉ ዙር የሚጠመዘዝበት ርዝመት) ወደ 1,102 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ዲቫይዲንግ ሄዱ 40 ለ 1 ከሆነ (እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ሥራው አንድ ጊዜ የሚዞር)፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ ሙሉ ዙርና ሲሶ ታዞራላችሁ። ከተሩን የምትመርጡት ግን በ30 ጥርስ አይደለም፤ በዘንበሉ ምክንያት ለ36 ጥርስ የሚሆነውን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጋቢ ለባሹ፦
ደብረ ብርሃን ላይ የትኛውንም ብትገዙ ለማሽኑም ጋቢ ግዙለት። ቀልዴን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በኅዳር ጧት ስፒንድሉን ቀስ ብላችሁ ሳታሞቁ ሥራ ብትጀምሩ ልኩ ከሰዓት በኋላ ይለወጥባችኋል። ከፍታውም ከ2,800 ሜትር የማያንስ ስለሆነ፣ በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ታስበው የሚሠሩት ሞተርና ድራይቮች (የሞተር መቆጣጠሪያዎች) ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ ገደማ ኃይል ይቀነስላቸዋል። አየሩም ስስ ነው፤ በአየር ለሚሠራው ከተር መለወጫ የምትገዙት ኮምፕሬሰር ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ከአራት አንድ እጅ በላይ አነስተኛ አየር እንደሚሰጣችሁ አስቡ። እኔም ደረጃ ስወጣ እንደዚያው ነኝ።

ሸዋ ሮቢት ቶርኖ፦
አሁንም እላለሁ፣ መጀመሪያ ሣጥኑን ክፈቱት።

ከአንኮበር መንገድ፦
የጃፓኑን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አምስት አክሲስ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱ ማሽኖች በብዙ አምራች አገሮች ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አይላኩም፤ ስለዚህ በርካታ የጃፓን አምራቾች ማሽኑ ከተተከለበት ቦታ ሲነሣ የሚቆልፍ መሣሪያ ይገጥሙበታል። ሲቆለፍ የሚከፍተው አምራቹ ነው፤ እሱም ማሽኑ የት እንደሄደና ማን እንደገዛው ሳያጣራ አይከፍትም። ባለ 5 አክሲሱ ከባለ 4ቱ ጋር ተቀራራቢ ዋጋ የተጠየቀበት ምክንያት ምናልባት ይህ ሊሆን ይችላል። የጃፓን ማሽን ብዙውን ጊዜ በ200 ቮልት ትሪ ፌዝ የሚሠራ መሆኑንም አትርሱ፤ ለእኛ 380 ቮልት የሚሆን ትራንስፎርመር ዋጋው ላይ ይደመር። ለመሆኑ ማሽኑ መብራት ሳይገባለት መጋዘን ውስጥ ለስንት ጊዜ ቆየ?

ጠባሴ ወርክሾፕ፦
ደላላውን ጠይቄው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው አለኝ። ይህ ምን ለውጥ ያመጣል?

ከአንኮበር መንገድ፦
በብዙ አሮጌ ማሽኖች ፓራሜትሩን (የማሽኑን የቅንብር ቁጥሮች) የሚጠብቀው በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለ ትንሽ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ፓራሜትሩ ይጠፋል፣ ቅጂው ከሌለ ደግሞ ማሽኑ አይንቀሳቀስም። ዓርብ ከመድረሱ በፊት ደላላው መብራት አስገብቶ በፊታችሁ ያስነሣው፤ አምስቱንም አክሲስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንቀሳቅስ፣ የፓራሜትሩንም ቅጂ ያሳያችሁ። መብራት የለም ካላችሁ ጄኔሬተር ተከራይታችሁ ሂዱ።

ሸዋ ሮቢት ቶርኖ፦
ሣጥኑስ ተከፈተ?