ጣና ዳር የሚወርዱትን ግራጫ ወፎች ከተማሪዎቼ ጋር ለማየት የትና መቼ ልሂድ?

ጠያቂ፦ መምህርት ከባሕር ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዘጌ ስሄድ ጤፍ የታጨደበት ማሳ ላይ ቁመታቸው የልጅ ደረት የሚደርስ ግራጫ ወፎች ተሰማርተው አየሁ። አንድ ገበሬ «ሽመላ ናቸው፤ በጥቅምት መጡ» አሉኝ። በጥር ወር ሃያ ያህል ተማሪዎች ይዤ ልመለስ አስቤአለሁ። የሩቅ ማያ መነጽራችን አንድ ብቻ ነው። የት ብንቆም፣ በስንት ሰዓት ብንደርስ ይሻላል? ልጆቹንስ ከምን ልጠብቅ?

የጭምባ ልጅ
መምህርት፣ ቀን ማሳ ለማሳ አይከተሏቸው፤ ይሸሻሉ። ቀኑን የወደቀ እህልና ሽምብራ ሲለቅሙ ይውሉና ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለአዳር ወደ ረግረጉ ይመለሳሉ። ጭምባ ወይም ይጋንዳ ከሚባሉት የጣና ረግረጎች ዳር ቀድመው ደርሰው ልጆቹን ያስቀምጧቸው። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፃቸው ነው፤ ከሩቅ እንደሚነፋ መለከት ነው። ከዚያ ረድፍ በረድፍ እየወረዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ የውኃው ድምፅ ያነቃቸዋል። ልጅ ሆኜ ከብት ስመልስ ሁልጊዜ ቆሜ እሰማቸው ነበር፤ ዛሬም ስሰማቸው እቆማለሁ።

ወፍ ወዳድ ከመራዊ
በአገራችን ሽመላ የብዙ ወፍ ስም ስለሆነ ልጆቹ እንዳይደናገሩ አንድ ምልክት አስተምሪያቸው፣ እኅቴ። ሲበር አንገቱን አጥፎ ትከሻው ላይ ካሳረፈ፣ ያ ውኃ ዳር ብቻውን ቆሞ ዓሣ የሚጠብቀው ሌላው ግራጫ ወፍ ነው። አንገቱን እንደ ዱላ ወደፊት ከዘረጋ ያንቺው፣ ፈረንጆች «ክሬን» የሚሉት ነው። ሲቀርብ አናቱ ላይ ቀይ ነጥብ፣ አንገቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ታያለሽ። ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ካየሽ ደግሞ እዚሁ አገራችን የሚራባው ዘመዱ ነው። እንግዶቹ የሚፈለፈሉት በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ነው፤ ኢስቶኒያና ፊንላንድ ውስጥ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው እኛ ዘንድ ደርሰዋል። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ተነሥተው ስለሚሄዱ ከጥር አታሳልፊው።

ጠዋት ባሕር ዳር ከተማ ሐይቁ ዳር መቆምም ጥሩ ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ወደ ሐይቁ ስትመለከቺ ከጀርባሽ ትሆናለች፤ የወፉ ቀለም ጥርት ብሎ ይታያል።

ጀልባ ነጂ
በጀልባ እንቅረባቸው የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበዪ። ሞተር ሲሰሙ በጨለማ ይነሣሉ፤ የደከመ ወፍ እንደገና ማረፊያ ሲፈልግ ማየት ያሳዝናል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ይወጣልና በእሱና በውኃው መካከል ማንም አይቁም። ልጆቹም ባዶ እግራቸውን ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ወፍ ወዳድ ከመራዊ
አንድ ነገር ረሳሁ። እግሩ ላይ ባለቀለም ቀለበት ያለው ካገኛችሁ ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል፣ የትኛው እግር እንደሆነ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ከየት እንደመጣ የሚታወቀው በዚያ ነው።

መምህርት ከባሕር ዳር
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ጭምባ ነበርን። መነጽሩን በየተራ ስንቀባበል አንዲት ተማሪዬ በአንዱ ግራ እግር ላይ ቀለበት አየች፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ነጭ። ሦስተኛው በጭቃ ተሸፍኖ ነበር። ቅዳሜ ተመልሰን እንፈልገዋለን።