ቀለበቱ ሳይበጠስ ማኅተሙ የሚለቅ ክዳን፦ ቅደም ተከተሉን እንዴት ላስተካክል?

ጠያቂ፦

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። 1 ሊትር ለሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አስቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ የሚያሳብቅ፣ ተጠምዝዞ የሚዘጋ ክዳን በመንደፍ ላይ እገኛለሁ። አንዱ ጠርሙስ ዘይት መሰል ፈሳሽ፣ ሌላው ደግሞ በዚያው የአንገት ቅርጽ ደቃቅ ዱቄት እንዲይዝ ታስቧል። ክዳኑም ጠርሙሱም ጠንካራው ፖሊኢቲሊን ከተባለው ፕላስቲክ የሚሠሩ ሲሆን፣ ከክዳኑ ጠርዝ በታች ያለው ቀለበት በስምንት ቀጫጭን ማያያዣዎች ከክዳኑ ጋር ተያይዞ፣ ወደ ውስጥ የታጠፉት ምላሶቹ በጠርሙሱ አንገት ዙሪያ ካለው ጉብታ ሥር ገብተው ይይዛሉ። ክዳኑ በአንድ ሙሉ ዙር 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ፈሳሹን የሚያግደው ማኅተም ከክዳኑ ጣሪያ ሥር የተለጠፈ ለስላሳ ንጣፍ ነው።

ችግሩ የታየኝ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ስፈትሽ ነው። ጠርሙሱን ውሃ ሞልቼ፣ ዘቅዝቄ፣ ክዳኑን ቀስ እያልኩ ስፈታው 72 ዲግሪ አካባቢ ውሃው መንጠብ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ማያያዣ የሚበጠሰው ግን 168 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንቅልፍ የነሣኝ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። አንድ ሰው ክዳኑን እስከዚያ ድረስ ፈትቶ፣ የጠርሙሱን ጎን ተጭኖ ከይዘቱ ቢያወጣ፣ ወይም ጎኑን ተጭኖ ሲለቀው ጠርሙሱ ሌላ ነገር ወደ ውስጥ እንዲስብ ቢያደርግና ክዳኑን መልሶ ቢያጠብቀው፣ ቀለበቱ አንድም ማያያዣ ሳይጎድለው ይቆያል። ገዢውም ቀለበቱን አይቶ፣ አምኖ ይጠቀማል።

በዚህ ላይ የሥራ ባልደረባዬ የጠርሙሱን አንገት ከነክዳኑ በፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ካቆየች በኋላ፣ ለስልሶ ያገኘችውን ቀለበት በጣቶቿ ብቻ ከጉብታው በላይ አሳልፋ ሙሉውን አወጣችው፤ ከዚያም ገፍታ መለሰችው። ሲቀዘቅዝ ካልተነካው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ብመለከተው ልዩነቱን ማወቅ አልቻልኩም። ማያያዣዎቹን ላቅጥናቸው? ቁጥራቸውን ልቀንስ? ወይስ ችግሩ ከነጭራሹ ሌላ ቦታ ነው?

መልስ፣ ከሞልድ (የፕላስቲክ መቅረጫ) ሠሪ፦

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ማያያዣዎቹን ለማቅጠን አይቸኩሉ። ዲግሪውን ወደ ቁመት መልሰው ያስቡት። 72 ዲግሪ ማለት ክዳኑ 0.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ 168 ዲግሪ ደግሞ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ንጣፉ 0.6 ላይ ለቆ፣ ቀለበቱ እስከ 1.4 ድረስ ይታገሣል። አሁን አንዱን ናሙና ቁመቱን ይዘው ለሁለት ይሰንጥቁትና፣ ክዳኑ ጠብቆ እያለ በምላሶቹ ጫፍና በጉብታው የታችኛው ፊት መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ባዶ ቦታ ቢያገኙ አይገረሙ። ክዳኑ ሲነሣ ቀለበቱም አብሮት ይህን ባዶ ቦታ በነፃነት ይወጣል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ማያያዣዎቹ ላይ ምንም ኃይል አላረፈም። የቀረው ደግሞ ማያያዣዎቹ ከመበጠሳቸው በፊት የሚሳቡት መጠን ነው።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ የክዳኑን የመጠምዘዣ ጥርስ ይበልጥ ቀጥ አድርገው፣ ክዳኑ በትንሽ ዙር ብዙ እንዲነሣ በማድረግ ነገሩ የሚፈታ ይመስላቸዋል። አይፈታም። ማኅተሙም ቀለበቱም የሚከተሉት ያንኑ የክዳኑን ከፍታ በመሆኑ፣ ዲግሪዎቹ ሁለቱም በእኩል ምጣኔ ይቀንሳሉ እንጂ ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም። መለወጥ ያለበት ከሁለቱ ከፍታዎች አንዱ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ግን ሁለቱንም መንካት የሚያስፈልግ ይመስለኛል።

ከቀለበቱ በኩል ክፍተቱን ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ያውርዱ። ከዚያ በታች መሄድን አልመክርም፤ የጠርሙሱ አንገት ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ በአንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ምላሶቹ ጉብታውን ሳያልፉ ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ማያያዣዎቹን ከማቅጠን ይልቅ አሳጥሯቸው። ፖሊኢቲሊን ከመበጠሱ በፊት ብዙ የሚሳብ ፕላስቲክ ነውና፣ ረጅም ማያያዣ ብዙ ይለጠጣል፣ አጭሩ ግን ቶሎ ይበጠሳል። ማቅጠኑ ሌላም ጣጣ አለው፤ ማያያዣዎቹ በሞልዱ ውስጥ የሚቀረጹ ከሆነ ቀለበቱን የሚሞላው የቀለጠ ፕላስቲክ የሚያልፈው በእነርሱ በኩል ስለሆነ፣ በጣም ሲቀጥኑ ቀለበቱ ሳይሞላ ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል። ክዳኑ ሙሉ ሆኖ ከተቀረጸ በኋላ ማያያዣዎቹ በምላጭ ተቆርጠው የሚወጡ ከሆነ ይህ ችግር የለም፤ ነገር ግን ምላጩ እየዶለዶመ ሲሄድ የማያያዣው መጠን እንደሚለወጥ ማወቅ ይገባል።

ከማኅተሙ በኩል ደግሞ በንጣፉ ብቻ አይታመኑ። ከክዳኑ ጣሪያ ወርዶ ወደ ጠርሙሱ አፍ ውስጥ ጠብቆ የሚገባ ክብ ከንፈር ይጨምሩ። ንጣፍ የሚያግደው ከላይ እስከተጫነ ድረስ ብቻ ነው፤ ከንፈሩ ግን የአንገቱን የውስጥ ግድግዳ ከጎን ስለሚገፋ፣ ክዳኑ ከፍ ሲልም ርዝመቱ እስኪያልቅ ድረስ ማገዱን አያቆምም። 1.2 ሚሊ ሜትር እስኪነሣ ድረስ የሚይዝ ከንፈር ቢሠሩ፣ ቀለበቱም በ0.8 ቢበጠስ፣ የ0.4 ሚሊ ሜትር መተማመኛ ያገኛሉ። ማያያዣው 96 ዲግሪ ላይ ሲበጠስ፣ ማኅተሙ የሚለቀው 144 ዲግሪ ላይ ይሆናል ማለት ነው።

መልስ፣ በመሙያ መስመር ላይ ከሚሠራ የጥራት ተቆጣጣሪ፦

ከላይ በተሰጠው ስሌት እስማማለሁ፤ የምጨምረው ግን ናሙናው አዲስ ሳለ የተለካውን ዲግሪ እንዳያምኑት ነው። ፕላስቲክ ተጨምቆ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይረግባል፤ ክዳኑ በተዘጋበት ቀን የነበረው ጥብቀት ከሳምንታት በኋላ አይገኝም፤ ንጣፉም ቅርጹን ይለምዳል። ስለዚህ ዛሬ 72 ዲግሪ ላይ የለቀቀው ማኅተም፣ በመጋዘን ከርሞ ሲፈተሽ ከዚያ ቀድሞ ሊለቅ ይችላል፤ ቀለበቱ ግን የሚበጠሰው በዚያው ቦታ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚዛባው በዚህ መንገድ ነው። ሙከራውን በቆየ ናሙና፣ በቅዝቃዜም በሙቀትም ይድገሙት፤ በሙቀት ማያያዣው ይበልጥ ይለጠጣል፣ በቅዝቃዜ ደግሞ ብዙም ሳይለጠጥ ሊበጠስ ይችላል።

ሌላ አማራጭም አለ። ቀለበቱ የሚበጠሰው በከፍታ ሳይሆን በዙር እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። በአንገቱ ላይና በቀለበቱ ውስጥ እንደ መጋዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ጥርሶች ይደረጋሉ፤ ክዳኑ ሲዘጋ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፣ ሲከፈት ግን ቀለበቱ እዚያው ተይዞ ይቀርና ማያያዣዎቹ ገና በጥቂት ዲግሪ ይቆረጣሉ። ለቅደም ተከተል ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ነገር ግን በመሙያ ማሽኑ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ክዳን በመስመራችን ላይ ስንሞክር፣ ጥርሶቹ ሲንሸራተቱ የሚፈጥሩት ግፊት ማያያዣዎቹን ገና ሲዘጋ እየቆረጣቸው፣ ማንም ያልነካው ጠርሙስ የተከፈተ መስሎ ወጣ። ይህ ከባድ ጥፋት ነው፤ ገዢዎች ሳይነካ የተቆረጠ ቀለበት ደጋግመው ካዩ፣ በእውነት የተነካ ጠርሙስ ሲመጣም ትኩረት አይሰጡትም። መፍትሔ የሆነን በክዳኑ ጠርዝና በቀለበቱ መካከል ትናንሽ መደገፊያዎችን ማስቀመጥ ነበር፤ ክዳኑ ሲዘጋ ግፊቱን የሚሸከሙት መደገፊያዎቹ ይሆናሉ፣ ሲከፈት ግን ተላቀው ይርቃሉና ኃይሉ በማያያዣዎቹ ላይ ብቻ ያርፋል።

ስለ ፈላው ውሃ፣ ክዳኑን ከፖሊፕሮፒሊን ቢሠሩት ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል። ፖሊኢቲሊኑ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቀልጥ፣ ፖሊፕሮፒሊን ከ160 በላይ ይፈልጋል፤ በፈላ ውሃ ውስጥም እንደዚያኛው አይለሰልስም። ይህ ግን ሥራውን ያከብዳል እንጂ አይከለክልም።

መልስ፣ ከመድኃኒት ማሸጊያ ባለሙያ፦

የሙቀቱን ጉዳይ በቁሳቁስ ለውጥ ብቻ አይተዉት። ቀለበት ብቻውን አንድ ምስክር ነው፤ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልገዋል። በእኔ ዘርፍ ይህ ትምህርት የተገኘው በሕይወት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎ አካባቢ ታይሌኖል በተባለው የሕመም ማስታገሻ ጠርሙሶች ውስጥ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ተጨምሮ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ጠርሙሶቹ በመደርደሪያ ላይ ሳሉ ተከፍተው እንደነበር ለገዢው የሚነግረው ምንም ነገር አልነበረም። አምራቹ ምርቱን ወደ ገበያ የመለሰው በሦስት ምስክሮች ነው፤ ካርቶኑ በሙጫ ተጣብቆ፣ የጠርሙሱ አንገት በፕላስቲክ መጠቅለያ ተሸፍኖ፣ አፉም በፎይል ታሽጎ። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ደንብ እሽጉ «መነካትን የሚቋቋም» እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፤ በ1998 ግን ቃሉ «መነካትን የሚያሳይ» ወደሚል ተለወጠ። ለውጡ የቃል ብቻ አይመስለኝም። የቆረጠ ሰውን የሚያቆም ክዳን የለም፤ ከእኛ የሚጠበቀው እጁን ማሳየት ነው።

ስለዚህ በጠርሙሱ አፍ ላይ የአሉሚኒየም ፎይል ያሽጉ። ፎይሉ በክዳኑ ውስጥ ሆኖ ይመጣል፤ የተዘጋው ጠርሙስ በመግነጢሳዊ መስክ ሥር ሲያልፍ በፎይሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠርና ይሞቃል፣ ከሥሩ ያለው ስስ ፕላስቲክም ቀልጦ ከጠርሙሱ አፍ ጋር ይጣበቃል። ይህ ስስ ፕላስቲክ ከጠርሙሱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ለእርስዎ ጠርሙስ ፖሊኢቲሊን ማለት ነው። ምርጫ ሲያደርጉ ግን እንደ ተለጣፊ ወረቀት ሙሉ ሆኖ የሚላጠውን አይውሰዱ፤ ሲላጥ የሚቀደደውንና በአፉ ጠርዝ ላይ ቅሪት የሚተወውን ይውሰዱ። ንጹሕ ሆኖ የሚላጥ ፎይል ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ምስክርም ሐሰተኛ ሆነ ማለት ነው። በፎይሉ ላይ የራስዎ ጽሑፍ ወይም ምልክት ይታተምበት፤ ምልክት የሌለው ፎይል በማንኛውም ፎይል ሊተካ ይችላልና።

ዱቄቱን በሚመለከት ትልቁ ጠላት ብናኝ ነው። በመሙላት ጊዜ በአፉ ጠርዝ ላይ የሚያርፍ ደቃቅ ብናኝ በፎይሉና በጠርሙሱ መካከል ገብቶ ማኅተሙን ክፍትፍት ያደርገዋል፤ ፎይሉ ከላይ ሲታይ የተጣበቀ ይመስላል፣ በጣት ሲነካ ግን ይነሣል። ሙቀቱን በመጨመር አይድንም፤ ጠርዙን ከመዘጋቱ በፊት በአየር መሳብና ጠርዙን ሰፋ አድርጎ መቅረጽ ይሻላል።

አንድ ነገር አይርሱ፤ ምስክሩ መኖር እንዳለበት ገዢው ካላወቀ፣ ሲጠፋ አያስተውልም። ቀለበቱ ተቆርጦ ቢወሰድ፣ ፎይሉም ቢነሣ፣ ጠርሙሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው እንዲያ ሆኖ የተሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ «ቀለበቱ ከተቆረጠ ወይም ፎይሉ ከሌለ አይጠቀሙ» የሚለው ጽሑፍ በጠርሙሱ አካል ላይ ይቀመጥ እንጂ በክዳኑ ወይም በመጠቅለያው ላይ አይሁን። የአሜሪካው ደንብም ጽሑፉ፣ ማኅተሙ ቢጣስ ወይም ቢጠፋ በማይነካበት ቦታ እንዲቀመጥ ያዛል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ናሙናውን ሰንጥቄ ለካሁት፤ ክፍተቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በሥዕሉ ላይ 0.4 ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ምላሶቹ ከተቀረጹ በኋላ በሚፈለገው ልክ ስላልታጠፉ ጫፋቸው ከጉብታው ርቆ ቆሟል። ለካ ሞልዱ ሳይሆን ማጠፊያው ነበር የሚስተካከለው። የውስጡን ከንፈር ለመጨመር ወስኛለሁ፤ መጋዝ መሰል ጥርሶቹን ግን አንገቱን እንደገና መቅረጽ ስለሚጠይቁ ለጊዜው አቆይቻቸዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ከጠርሙሱ ሳይለይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ተጠይቄአለሁ። ይህ ምስክርነቱን አያደበዝዘውም?

መልስ፣ ከሞልድ ሠሪ፦

ካልተጠነቀቁ ያደበዝዘዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 3 ሊትር የሚይዙ፣ አንድ ጊዜ አገልግለው የሚጣሉ የፕላስቲክ የመጠጥ ጠርሙሶች ክዳናቸው ተያይዞ እንዲቀር ግዴታ ከሆነ ወዲህ ይህ ጥያቄ በብዛት ይነሣል። ማንጠልጠያው ክዳኑንና ቀለበቱን አያይዞ ስለሚይዝ፣ ሁሉም ማያያዣዎች ተበጥሰው ሳለ በሩቁ ያልተከፈተ ሊመስል ይችላል። ማንጠልጠያውን በአንድ በኩል ብቻ ሰብስበው ሰፊ አድርገው ይሥሩት፤ በተቃራኒው በኩል ያለው የቀለበቱ ክፍል ደግሞ ሲበጠስ ወደ ታች ወርዶ እንዲቀር፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዉለት። ክዳኑ መልሶ ቢጠብቅ እንኳ በዚያ በኩል በክዳኑና በቀለበቱ መካከል በዓይን የሚታይ ክፍተት ይኖራል። ክዳኑንና ጠርሙሱን የተለያየ ቀለም ካደረጓቸው፣ በክፍተቱ ውስጥ የአንገቱ ቀለም እንደ መስመር ብቅ ይላል። አዲሱን ናሙና ሲያወጡ የመጀመሪያውን ሙከራ በዚያ በኩል ያድርጉት።