የድንጋይ ከሰል አመድ በራችን ላይ ተደፋ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የገላኗ፦ ወገን፣ ኮሚቴው መንገዱን ለመሙላት ብሎ ሲኖትራክ ሙሉ አመድ በራችን አስደፋ። ከፋብሪካ የመጣ ነው አሉ። ነፋሱ እያነሳው ሶፋው፣ ረከቦቱ ሳይቀር ግራጫ ሆኗል። ልጄን ያስለዋል። ስጠርገው ጭራሽ ባሰ። ምን ላድርግ?

ጨዋታ አዋቂ፦ አመድ በዱቄት ይስቃል ይባል ነበር፤ አንቺ ቤት በሶፋ ስቋል 😀

የድሮ ሰው፦ አታጋንኑ። እናቶቻችን ድስት የፈተጉት በአመድ አይደል?

ኬሚስቱ፦ ጋሼ፣ ያ የማገዶ አመድ ነው። የድንጋይ ከሰል ከመሬት ሲወጣ አርሴኒክ፣ እርሳስና ክሮምየም የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ይዞ ነው፤ ሲነድ አብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። የፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ነው። ከ2.5 በታች የሆነ ብናኝ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የአመድ ግድብ ተደርምሶ፣ ካጸዱት ሠራተኞች ብዙዎቹ ታምመናል ብለው አሠሪያቸውን ከሰዋል...

የገላኗ፦ ወንድሜ ትምህርቱ ይቆየን፣ አሁን ምን ላድርግ?

ማሚ፦ ውሃ አርከፍክፊበት።

ተጠራጣሪው፦ የከሰል አመድ መሆኑን በምን አወቅሽ? ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስም (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ግራጫ ነው።

ቦይለር ቤት፦ ፑሚስ በጣት ሲፈትጉት ይቆረቁራል። ደቃቁ የከሰል አመድ እንደ ታልክ ፓውደር ይንሸራተታል። እህቴ፣ መጥረጊያውን ተይው። ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ወልውይ። ክምሩን ቀስ ብለሽ አርጥቢው፣ ሸራ አልብሺው፣ ጠርዙን በድንጋይ ያዢ። ውሃ አትልቀቂበት፣ ታጥቦ ጉድጓድ ይገባል። የጨርቅ ማስክ አያስቀረውም፤ ፋርማሲ ኤን 95 ጠይቂ። ልጁን ከዚያ አርቂው፤ ትንፋሽ ካጠረው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ።

ማሚ፦ እኔም ያልኩት ውሃ ነው 🙄

የገላኗ፦ የጉድጓድ ውሃ ነው የምንጠጣው። ብናፈላውስ?

ኬሚስቱ፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አርሴኒክ አያወጣም። ውሃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። ጉድጓዱን ክደኑት፣ እስኪመረመር ሌላ ውሃ ጠጡ።

ሕግ ተማሪ፦ አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11ን አንብቢ። ጉዳት ደረሰብኝ ብለሽ ማስረዳት ሳይጠበቅብሽ ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ ማመልከት ትችያለሽ። በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ፎቶ አንሺ፣ የመኪናውን ታርጋም ያዢ።

ጨዋታ አዋቂ፦ በ30 ቀን ነፋሱ ራሱ ይጨርሰዋል።

ብሎኬት ሠሪ፦ ደቃቁ አመድ ሲሚንቶ ውስጥም ይገባል አይደል? ኮሚቴው ከፈቀደ እኔ ልጫነው?

ቦይለር ቤት፦ አርጥበህ፣ ሸራ አልብሰህ ከሆነ ጫን። የገላኗ፣ ልጁ እንዴት ሆነ?