ኪክሎክ ላይ ሁለት «አድሚንስ» ግሩፕ አለ፤ ኩበርኔቲስ ለሁለቱም በሩን ይከፍታል

ዴቭኦፕስ_አራዳ፦
ሰላም ወገኖች። የኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) ክላስተር መግቢያ ከኪክሎክ (የተጠቃሚዎችን መለያና መግቢያ ከሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ጋር በኦአይዲሲ (የመግቢያ ፕሮቶኮል) ተያይዟል። ኪክሎክ ላይ በ«ፕላትፎርም» ሥር «አድሚንስ» የሚባል ንዑስ ግሩፕ አለ፤ በ«ፋይናንስ» ሥርም እንዲሁ። የክላስተር አድሚን ባይንዲንጉ (ሙሉ ሥልጣንን ለግሩፕ የሚሰጠው ማያያዣ) የታሰበው ለፕላትፎርም ብቻ ነው፤ ፋይናንሶቹ ግን ሴክሬት (ክላስተሩ ውስጥ የተቀመጠ የይለፍ ቃልና ቁልፍ) ሁሉ ማንበብ ይችላሉ። ቀዳዳው የት ነው?

ቋጠሮ_ፈቺ፦
ኩበርኔቲስ የራሱ የግሩፕ መዝገብ የለውም። ቶክኑ (ሰው ሲገባ ኪክሎክ የሚሰጠው ማንነቱን የሚገልጽ ማረጋገጫ) ይዞት የመጣውን የግሩፕ ስም ባይንዲንጉ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል፤ ከገጠመ ያሳልፋል። የማን «አድሚንስ» ነው ብሎ አይጠይቅም። ኪክሎክ ውስጥ የግሩፕ ማፐሩ (የግሩፕ ስሞችን ቶክን ውስጥ የሚያስገባው ቅንብር) ላይ «ፉል ግሩፕ ፓዝ» (ከላይኛው ግሩፕ ጀምሮ ያለው ሙሉ ስም) ከጠፋ ደግሞ የሚላከው የመጨረሻው ስም ብቻ ነው። የአንድ የፋይናንስ ሰው አይዲ ቶክን ፈትተህ እይ፤ ባዶውን (ፓዝ የሌለውን) «አድሚንስ» ካገኘህ ምክንያቱ ይኸው ነው። (ማሽንህ ላይ ፍታው፤ ቶክን የትም ድረ ገጽ ላይ አይለጠፍም።)

ስታስተካክል ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ «/ፕላትፎርም/አድሚንስ» የሚል አዲስ ባይንዲንግ ጨምር። ከዚያ የማፐሩን «ፉል ግሩፕ ፓዝ» አብራ። አንድ የፕላትፎርም ሰው ወጥቶ እንደገና ሲገባ እንደሚሠራለት አይተህ የድሮውን ባይንዲንግ ወዲያው ሰርዝ። እሱን አስቀድመህ ካበራህ የራስህ ቡድን ውጭ ይቀራል። የድሮውን ካላጠፋህ ደግሞ አስቀድሞ የወጣ ቶክን ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ባዶውን ስም ይዞ መግባቱን ይቀጥላል።

ሥር_ፈላጊ፦
ከዚህ የባሰም አለ። ኤፒአይ ሰርቨሩ (የክላስተሩን ጥያቄዎች ሁሉ የሚቀበለው) ላይ የግሩፕ ፕሪፊክስ (ከግሩፕ ስም ፊት የሚጨመር ቃል) ካልተሰጠ ባዶ ነው። ኪክሎክ ላይ ግሩፕ የመፍጠር ፈቃድ ያለው ሰው «ሲስተም፡ማስተርስ» የሚል ግሩፕ ቢፈጥርና ሙሉ ፓዙ ጠፍቶ ቢሆን፣ አባላቱ የክላስተሩ ጌቶች ይሆናሉ። ይህ ግሩፕ የአርባክ (የኩበርኔቲስ የፈቃድ ሥርዓት) ፍተሻን ጭራሽ ስለሚያልፍ ባይንዲንግ መሰረዝ አይመልሰውም። ስለዚህ «ኪክሎክ፡» የሚል ፕሪፊክስ አድርግበት። ኮንትሮል ፕሌኑ (ኤፒአይ ሰርቨሩ የሚሠራበት የክላስተሩ መቆጣጠሪያ ክፍል) ከአንድ ኖድ (ማሽን) በላይ ከሆነ ሁሉም ላይ ቀይር፤ እስክትጨርስ ግን ፕሪፊክስ ያለውም የሌለውም የሙሉ ፓዝ ባይንዲንግ ይኑር። አለበለዚያ ያው ሰው አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይከለከላል።

ቋጠሮ_ፈቺ፦
ትክክል። እኔም አንድ ልጨምር፦ ሙሉ ፓዝም ብቻውን አይበቃም። አንድ ሰው ላይኛው እርከን ላይ ስሙ ራሱ «ፕላትፎርም/አድሚንስ» የሆነ ግሩፕ ቢፈጥር ፓዙ ከእውነተኛው ንዑስ ግሩፕ ጋር አንድ ይሆናል። በስም ውስጥ ያለውን ስላሽ የሚለይ ቅንብር አዳዲሶቹ የኪክሎክ እትሞች ላይ አለ፤ ሳታበራው ግን አይሠራም።

ዴቭኦፕስ_አራዳ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። መዘጋቱን በምን ልፈትሽ?

ሥር_ፈላጊ፦
በኩብሲቲኤል (የኩበርኔቲስ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ) «ኦዝ ካን-አይ» (ይህን ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ትእዛዝ) ሴክሬት ማንበብን ጠይቅ፤ በ«አዝ» የፈለግከውን የተጠቃሚ ስም፣ በ«አዝ-ግሩፕ» ደግሞ የፋይናንሱን ግሩፕ ስጠው። ያለ «አዝ» «አዝ-ግሩፕ» ብቻውን አይሄድም። ፕሪፊክሱንም ራስህ ጻፈው፤ በዚህ መንገድ ስትጠይቅ ሰርቨሩ አይጨምርልህም። መልሱ «ኖ» መሆን አለበት። በባዶው «አድሚንስ»ም ድገመው።