የቀበሌ የሥራ ፈላጊነት ምዝገባና የአጭር ጊዜ ሥልጠና ለዲግሪ ተመራቂ ይጠቅማሉ?

ጠያቂ (ከማራኪ፣ ጎንደር)

በ2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ካገኘሁ ወዲህ ቋሚ ሥራ አላገኘሁም። በምኖርበት ቀበሌ በሥራ ፈላጊነት ተመዝግቤ ካርድ ከወሰድሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን አንድም ቀን ስልክ ተደውሎልኝ አያውቅም። አሁን የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ለመግባት አስቤያለሁ፤ እናቴ ግን «ዲግሪ ይዘሽ ሽቦ ልትጎትቺ ነው?» ብላ በጣም አዝናለች። በዚህ መካከል አንድ ሥራ አገናኝ «አዲስ አበባ ሥራ አለ፤ በቅድሚያ የመመዝገቢያ ክፈይ» ብሎኛል። የቀበሌው ምዝገባ በእርግጥ ከሥራ ያደርሳል ወይ? ሥልጠናውስ ይበጀኛል? ልምዱ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (ቀድሞ በቀበሌ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ማለትም ሥራ ፈላጊዎችን በሚመዘግበው ቢሮ የሠራ)

ምዝገባው ራሱ ቅጥር አይደለም። መዝገቡ ቀጣሪ ድርጅት ሠራተኛ ሲጠይቅ ስም ለማስተላለፍ ያገለግላል፤ ይበልጡን ግን የሚያገለግለው ተደራጅተው የራሳቸውን ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች ሥልጠና፣ የመሥሪያ ቦታና የብድር ትስስር ለማመቻቸት ነው። ስለዚህ «ቅጥር ብቻ እፈልጋለሁ» ብሎ የተመዘገበ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይጠራ ሊቆይ ይችላል። ይህን የምለው የሠራተኛውን ድክመት ለመሸፈን አይደለም፤ ደውለን መጠየቅ ሲገባን ያልደወልንላቸው ብዙዎች እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። በሌላ በኩል ስልካቸውን ቀይረው ሳያሳውቁን የቀሩ፣ ፈልገን ያጣናቸውም ነበሩ።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የሥራ ፈጠራውና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው በአንድ ጥላ ሥር ስለገቡ፣ በክልላችንም ሁለቱን የያዘው የሥራና ሥልጠና መዋቅር ስለሆነ፣ ስለ ሥልጠናውም እዚያው በተመዘገቡበት ቢሮ ይጠይቁ። ምዝገባው ከወረቀት ወደ ዲጂታል የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት እየተዛወረ በመሆኑ መረጃዎ እዚያ መግባቱን በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ።

ለሥራ አገናኙ ምንም አይክፈሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም።

መልስ (የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያ፣ አዘዞ)

ልጄ፣ በትብብር ሥልጠና፣ ማለትም በሥራ ቦታ ልምምድ እንዲያደርጉ የሚላኩልኝን ሠልጣኞች ስቀበል ዓመታት ተቆጥረዋል። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ እንደሚዘረጋ በቃሉ የማይነግረኝ የለም፤ ግድግዳ በስቶ ኮንዲት (ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ) መቅበርና ብሬከር (መብራት ቆራጩን) ማሰር ሲመጣ ግን የብዙዎቹ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በሠለጠኑበት ቦታ አንዱን መሣሪያ ለብዙ ሰው ሲያካፍሉት ስለከረሙ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ለአንድ ሠልጣኝ ስንት ሰዓት የተግባር ሥራ እንደሚደርሰው፣ ለትብብር ሥልጠናም የት እንደሚልኩሽ ጠይቂ። ስትጨርሺ የብቃት ምዘናውን ሳትወስጂ አትቅሪ፤ የሚመዝንሽ ያሠለጠነሽ ተቋም ስላልሆነ ቀጣሪ ያንን ወረቀት ያምነዋል።

እናትሽን በቀስታ አስረጃት፤ አካውንቲንግሽ አልባከነም። እኔ የሽቦ ዋጋ መናሩን ሳላሰላ ተዋውዬ ሁለት ቤት በኪሳራ አስረክቤአለሁ። እጄ አላጠፋም፤ ያጠፋው የዋጋ ግምቴ ነው። ዝርጋታውንም ሒሳቡንም የሚችል ሰው ባገኝ ነገውኑ አብሬው እሠራለሁ።

መልስ (ሥልጠናውን የጨረሰች)

በክፍላችን ብቸኛዋ ሴት ነበርሁ፤ ይህ አያስፈራሽ። ከሥልጠናው በኋላ በአንድ ሆቴል የጥገና ክፍል ገባሁ፤ ሆቴሎቻችን ለጥምቀት ሰሞን ብዙ ሰው ይፈልጋሉ፣ እንግዳው ሲመለስ ደግሞ ይቀንሳሉ፤ እኔም በቃል ብቻ ተስማምቼ ስለነበር በየካቲት ያለ ምንም ማስረጃ ተሰናበትሁ። አዋጁን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው፦ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት፤ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ይሰጠዋል። ሁሉንም በጊዜው ጠይቂ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካርዴን አውጥቼ ስመለከት የተጻፈው ስልክ ባለፈው ዓመት የጠፋብኝ ቁጥር ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሄጄ አስተካክላለሁ፤ ስለ ሥልጠናውም በዚያው እጠይቃለሁ። ገንዘቡን አልከፍልም። አባባ፣ ከመመዝገቤ በፊት አንድ ቀን መጥቼ ሥራችሁን ባይ ይፈቅዱልኛል?

መልስ (የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያ፣ አዘዞ)

ቅዳሜ አዲስ ቤት እንጀምራለን፤ እናትሽንም ይዘሻት ነይ፣ ሥራውን በዓይኗ ትየው። አንቺ ግን ድፍን ጫማ አድርጊ።