ስለ አካባቢ ብክለት ያለን ስጋት በብሔረሰብ ይለያያልን?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በከሚሴ ዙሪያ ሕዝቡ ስለ አካባቢ ብክለት ያለውን ስጋት የሚመዝን መጠይቅ እያዘጋጀሁ ነው። አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው፣ እንዲሁም በበጋ ከብቱን ነድቶ በከሚሴ አጠገብ ወዳለው የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ የሚወጣው አፋር ይጠየቃሉ። አንድ ባልደረባዬ «የቆላ ሰው ለከብቱ እንጂ ለተፈጥሮ አይጨነቅም» ሲል ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ይሁንና ያለ ማስረጃ ልሞግተው አልፈለግሁም። በሌላ አገር የተጠናው ምን ያሳያል? በእኛስ ዘንድ ልዩነት ቢገኝ ምንጩ ምን ይሆን?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ጉዳዩ በስፋት የተጠናው በአሜሪካ ነው። በዚያም ጥቁሮች የኑሮ ችግር ስላለባቸው ስለ አካባቢ ግድ የላቸውም የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ሰፍኖ ነበር። ነገር ግን በ1982 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና፣ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት በዋረን ካውንቲ፣ በመርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር ሊቀበር ሲል ሕዝቡ መኪኖቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ተኝቶ ተቃውሟል፤ ከ500 በላይ ሰዎችም ታስረዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ለእንዲህ ያሉ አደጋዎች ከሁሉ ያነሰ ስጋት ያላቸው ነጭ ወንዶች መሆናቸውን አሳየ። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ግኝት ነው፤ አሜሪካውያን የጥቁሮችንና የድሆችን ስጋት ከእውነተኛው መጠን አሳንሰው ይገምታሉ፣ ራሳቸው ጥቁሮቹም ሳይቀሩ። የባልደረባህም አባባል ከዚሁ የሚመደብ ይመስለኛል።

መልስ፣ ከከሚሴ፦
መምህር፣ አላህ ሥራህን ያቅናልህ። እኔ ኦሮሞ ነኝ፤ ያደግሁትም በጨፋ ነው። የቦርከና ወንዝ በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ፣ የከተማውን ቆሻሻና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ እኛ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ማለዳ ውኃው ጠቁሮ፣ አረፋው ዳር ዳሩን ይዞ ሲወርድ፣ ጊደራችን አፍንጫዋን አስጠግታ ሳትጠጣ ወደ ኋላ ስትመለስ አይቻለሁ። እናቴ ከወንዙ ዳር አሸዋውን በእጇ ጭራ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እስኪጠራ ጠብቃ፣ በቅል ትቀዳ ነበር። አጠገቧ የምትጭረው አፋር ሴት ናት፤ አማርኛም ኦሮምኛም ባታውቅ ስለዚያ ውኃ ሁለቱ ይግባቡ ነበር። ስለዚህ ከብሔረሰቡ ይልቅ ከወንዙ ላይኛው ወይስ ታችኛው ክፍል እንደሚኖር ብትጠይቅ ይሻላል፤ አለዚያ በመልክዓ ምድር የመጣውን ልዩነት በዘር የመጣ አስመስለህ ትጽፈዋለህ።

ስለ ቃሉም ልንገርህ። «አካባቢ ጥበቃ ያሳስብዎታል?» ብለህ አንድ ሽማግሌ ብትጠይቅ፣ «አካባቢህን ጠብቅ» ሲባል ከከረመበት ከጦርነቱ ጊዜ ወዲህ ስለ ሌሊት ሮንድ የተጠየቁ መስሏቸው ይመልሱልሃል። በኦሮምኛና በአፋርኛም፣ የቦታውን አነጋገር በሚያውቅ ሰው አስተርጉመው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጠይቁን የመጀመሪያ ጥያቄ ሰርዤዋለሁ። አሁን የሚነበበው «ዛሬ ጠዋት ውኃ የቀዳችሁት ከየት ነው? ከብቶቻችሁስ ከዚያ ይጠጣሉ?» ተብሎ ነው። ብሔረሰብን የሚጠይቀውን ወደ መጨረሻው ገጽ አዛውሬዋለሁ።